ጠብቶ ሲጨርስ ወተቱን የሚያስፈነጥር ሕፃን

ጥያቄ፦ የበኩር ልጄ ወንድ ነው፤ አምስት ሳምንቱ። ሲወለድ 3.2 ኪሎ ነበር፤ ትናንት ጤና ኬላ ሲመዘን 3.1 ሆነ። ከአሥር ቀን ወዲህ ጠብቶ ሲጨርስ ወተቱ ተስፈንጥሮ ከጋቢዬ አልፎ መሬት ይደርሳል፤ ወዲያው ደግሞ ጡት ይፈልጋል። ጎረቤት «እንጥሉ ወርዷል፣ አስቆርጪው» ይለኛል። ባለቤቴ ክርስትናው ይለፍና ሐኪም ቤት እንወስደዋለን ይላል። እናት፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ አርባ ቀኑን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይውሰዱት። ስለ ክርስትናው የንስሐ አባታችሁን ማማከር ይቻላል። እንጥሉን ግን ማንም እንዳይነካው። ሕመሙ ከጉሮሮ አይደለም፤ ሰውነቱ የደረቀ ሕፃን ደግሞ ትንሽ ደም መፍሰስ እንኳ ይጎዳዋል።

የጻፉት ሁሉ የጨጓራ መውጫ መጥበብን ይመስላል። ጨጓራ ከአንጀት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ጡንቻ ከልደት በኋላ እየወፈረ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ሕፃኑ መጀመሪያ ደህና ሰንብቶ በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል ማስመለስ የሚጀምረው ለዚህ ነው። በወንዶች ላይ አራት እጥፍ ገደማ ይበዛል። እርስዎ የበሉት ነገር አላመጣውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኤሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ከነበረ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል።

ጤነኛ ሕፃንም ያቀረሻል፤ ነገር ግን በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። የእርስዎ ልጅ ቀንሷል። ሲጠባ ሆዱን ገልጠው ከጎን ይመልከቱ፤ ከግራ ጎድኑ ሥር ተነስቶ ወደ ቀኝ የሚንከባለል ሞገድ ካዩ ለሐኪሙ ይንገሩ። ትውኪያው አረንጓዴ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አንጀት ተጠምዝዞ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ አይዘግዩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ለመጥባት ካልነቃም እንዲሁ።

ቅቤም የአብሽ ውሃም አይስጡት። ብርዱ እንዳያገኘው ደረትዎ ላይ አድርገው ይሸፍኑት፤ የክትባት ካርዱንና የክብደቱን መዝገብ ይያዙ። አልትራሳውንድና የሕፃናት ቀዶ ሕክምና እዚያው ከሌለ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍልዎ።

አልትራሳውንዱ የጡንቻውን ውፍረት ይለካል፤ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ ይህ ነው፤ መፍትሔውም ቀዶ ጥገና ነው። ከዚህ በኋላ ቤተሰብን የሚያስቆጣው ነገር ይመጣል፦ «ግሉኮስ ሰቅለው ዝም አሉ፣ ለምን ቀዶ ጥገናውን አያደርጉለትም?» ምክንያት አላቸው። ሕፃኑ የሚያስመልሰው የጨጓራ አሲድ ነውና በደሙ ያሉት ጨዎች፣ ክሎራይድና ፖታሲየም፣ ይወርዳሉ፤ ደሙም አልካላይን፣ ማለትም አሲዱ ያነሰ፣ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ማደንዘዣ ቢሰጠው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጨው ያለበት ፈሳሽ፣ ሽንት ሲጀምር ደግሞ ፖታሲየም ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል። የደም ምርመራው ሳይስተካከል ቶሎ ይቀደድልን ብለው አይወትውቱ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ አጭር ነው። የወፈረው ጡንቻ ብቻ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ የውስጡ ሽፋን አይነካም፤ የሚቆረጥ አንጀትም የለም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጡት ይጀምራል። አንድ ሁለት ቀን ቢያስመልስ አይደንግጡ፤ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሆዱ ከተነፋ ግን ወዲያው ይንገሩ። ጡት እንዳይጠባ በተከለከለባቸው ቀናት በየሦስት ሰዓቱ ወተትዎን ይለቡ፤ አለበለዚያ እሱ ሲድን ጡትዎ ደርቆ ይጠብቀዋል።