ጎርፍ የገባበት ኤሲ፦ ወጪው የአከራይ ነው የተከራይ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ምድር ወለል ላይ ሱቅ ተከራይቼ መድኃኒት ቤት ከፍቻለሁ። ቤቱን ስረከብ አንድ ኤሲ ነበረው፤ የአከራዬ ነው። የውጪው ማሽን ጓሮ ውስጥ ሁለት ብሎኬት ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛ ኤሲ እኔ ገዝቼ የጀርባ ግድግዳው ላይ አስተክያለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በጣለው ዝናብ ጓሮው ሞልቶ የአከራዬን ማሽን ውሃ ዋጠው። በማግስቱ ስናበራው ካርዱም (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) ኮምፕረሰሩም (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ተቃጠለ። የእኔን ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልዬው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ኮምፕረሰሩ ቆመ። አከራዬ የእሱን ኤሲ ክፈል ይለኛል። እኔ ደግሞ ጣሪያው አሸንዳ ስለሌለው የእኔን እሱ መክፈል አለበት እላለሁ። የኪራይ ውላችን ስለ ኤሲ ምንም አይልም። ሻጩ የሰጠኝ የ1 ዓመት ዋስትና ገና አላለቀም። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ በአከራይዎ ኤሲ ላይ ጥሩ መከላከያ አለዎት፤ ግን «በማግስቱ ስናበራው» የምትለዋ ቃል ልትጎዳዎት ትችላለች። በራስዎ ኤሲ ላይ ያለዎት አቋም ከሚያስቡት የደከመ ነው፤ ያደከመው ላስቲኩ ነው። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

መጀመሪያ ሁለታችሁም ሳትጠሩት የማትቀሩትን ክርክር ላንሳ፤ «ጎርፍ ከዐቅም በላይ ነው፣ ማንም አይጠየቅም» የሚለውን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1793 እንደ መሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና የውሃ መጥለቅለቅ ያሉትን አደጋዎች ከዐቅም በላይ ከሚባሉት ውስጥ ያነሣቸዋል፤ ነገር ግን እንደየሁኔታው ነው። መለኪያው ያለው ቁጥር 1792 ላይ ነው፤ ባለዕዳው ሊገምተው የማይችል፣ ግዴታውንም ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር መሆን አለበት። በድሬዳዋ የሐምሌ 1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ከገደለ ወዲህ፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚያቁር ጓሮ ያለው ሰው «አልጠበቅሁትም» ቢል ዳኛ በቀላሉ አይቀበለውም። ጓሮው በያመቱ የሚሞላ ከሆነና ጎረቤት ይህን የሚመሰክር ከሆነ ክርክሩ ያኔውኑ ይወድቃል። ለእርስዎም ለአከራይዎም።

ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቀው ማሽኑ ለዝናብ በሚስማማ ሁኔታ ተተክሎ ነበር ወይ፣ ካልተተከለስ ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ነው። ይህን ለመመለስ የኤሲውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የውጪው ማሽን የተሠራው ውጭ እንዲውል ነው፤ ተራ ዝናብ አይጎዳውም። የሚጎዱት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ከታች የሚነሣና ካርዱ ጋ የሚደርስ ውሃ፣ ከጣሪያ ጠርዝ ተጠራቅሞ አንድ ቦታ ላይ የሚወርድ ውሃ፣ የኮንደንሰሩን (ሙቀት የሚያስወጣውን ክፍል) ስስ ቆርቆሮዎች የሚያጎብጥ በረዶ፣ በመሀላቸው የሚጋገር አቧራ፣ የቧንቧውን ስፖንጅ የሚያፈርስ ፀሐይ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚዘልል ቮልቴጅ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አየር ማጣት። ማሽኑ ከቤት ያወጣውን ሙቀት ወደ ውጭ መትፋት ካልቻለ ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩ ይግላል፣ መከላከያው ደጋግሞ ያጠፋዋል፣ በመጨረሻም የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ይቃጠላል። የሚሠራ ኤሲን በላስቲክ መጠቅለል ማለት ይኸው ነው።

የአከራይዎ ኤሲ። ዕቃው የተከራዩት ቤት አካል ሆኖ ከተረከቡት፣ በውሉ ሌላ ነገር እስካልተጻፈ ድረስ በእርጅና ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት የሚመጣ ጥገና በተከራይ ላይ አይወድቅም። የተከራይ ድርሻ ዕቃውን እንደ ጥንቁቅ ሰው መያዝና ከአጠቃቀም የሚመጡትን ጥቃቅን ጥገናዎች ማሠራት ነው፤ ማጣሪያ ማጠብ፣ የውጪውን ማሽን ማስጸዳት የመሳሰለው። ማሽኑን በሁለት ብሎኬት ላይ ያስቀመጠው አከራይዎ ነው፤ የጓሮውን ጠባይም ከእርስዎ ይልቅ እሱ ያውቃል። እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ ወደ እርስዎ ያደላል።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የኤሲ ኮምፕረሰር ዙሪያው በብየዳ የተዘጋ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ቢያድር ውሃ ወደ ውስጡ አይገባም። ውሃ የሚያገኘው ካርዱን፣ የፋኑን ሞተርና የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹን ነው። ታጥቦና ደርቆ ጥቅልሉ ወደ መሬት ኤሌክትሪክ እንደማያሾልክ በ500 ቮልት ሜገር (የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መለኪያ) ቢለካ ኖሮ፣ ጉዳቱ ቢበዛ ከካርድና ከፋን ሞተር ላያልፍ ይችል ነበር። እርጥብ እያለ ስለበራ ግን ኮምፕረሰሩም ተከተለ። ጠንቃቃ ጠበቃ ከአከራይዎ ጎን ቢቆም ጉዳቱን ለሁለት ከፍሎ «ካርዱ ይሁን፣ ኮምፕረሰሩን ግን ተከራዩ ነው ያቃጠለው» ይላል። እንግዲህ ማን እንዳበራው፣ በማን ትእዛዝ እንደበራ ያስታውሱ። አከራይዎ ቆሞ «እስቲ ሞክረው» ብሎ ከሆነ፣ ወይም እሱ የላከው ባለሙያ ካበራው፣ ይህ ክፍተት ይዘጋል። ምስክርና የስልክ መልእክት ካለ ያቆዩት።

የእርስዎ ኤሲ። አሸንዳ አለመኖሩ የሕንፃው ጉድለት ነው፤ ነገር ግን የእርስዎን ኮምፕረሰር የገደለው የጣሪያው ውሃ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው (ቁጥር 2001)። ባለሙያ ሲፈታው የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ የቀለጠ ላስቲክ፣ ደረቅና ንጹሕ ካርድ ካገኘ ምስክርነቱ በእርስዎ ላይ ነው። ካርዱ ላይ የውሃ ምልክትና ዝገት ካገኘ ደግሞ አከራይዎን ለመጠየቅ መነሻ ይኖርዎታል። ከሻጩ ጋር ያለው ነገር በጊዜ የታጠረ ነው፤ የዕቃ ጉድለት እንደታወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ መነገር አለበት (ቁጥር 2292)፣ ካስታወቁም በኋላ ክሱ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2298)። ሻጩ «ሸፍነህ ስላሠራኸው ነው» ማለቱ አይቀርም፤ የዋስትና ወረቀቱን ጀርባ ያንብቡት፣ አየር መዝጋት በብዙዎቹ ላይ በግልጽ ተከልክሏል። የተከለልዎ ባለሙያ የሻጩ ሠራተኛ ከሆነና የጣሪያ ውሃ በቀጥታ በሚወርድበት ቦታ ላይ ከሰቀለው ግን ጥፋቱን ከእነሱ ጋር ይካፈላሉ።

በዚህ ኤሲ ባለቤትነት ላይ አይስጉ። «ግድግዳ ላይ ከታሰረ የቤቱ ሆኗል» የሚል አከራይ ብዙ ነው። ቁጥር 1132 የሚጠይቀው ዕቃው ሳይበላሽ ወይም ቤቱን ሳያበላሽ ሊነቀል የማይችል መሆኑን ነው። በብሎን የታሰረ ኤሲ ይፈታል፤ ቀዳዳውን ደፍነው ይዘውት ይሄዳሉ።

አሁን ምን ያድርጉ? የተቃጠለውን ኮምፕረሰርና ካርድ ለጠጋኝ ትተው እንዳይሄዱ፤ ቁራሌው ከወሰደው ማስረጃዎ አለቀ። ሁለቱንም ማሽን ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ፤ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን መስመር ሜትር አስደግፈው ያንሡት፣ የብሎኬቱን ከፍታም እንዲሁ። ሁለታችሁንም የማያውቅ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቀርቦ ምን እንደተቃጠለ፣ በምን ምክንያት፣ ለመጠገን ስንት እንደሚፈጅ በማኅተም ጽፎ ይስጥዎት። ከዚያ ለአከራይዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ቁጥር 1772 ያለ ማስጠንቀቂያ ውል አልተፈጸመም ብሎ መጠየቅን አይፈቅድም። ረጅም መሆን የለበትም፦

«በ…/…/… ዓ.ም. በተዋዋልነው የኪራይ ውል መሠረት ከቤቱ ጋር የተረከብሁት ኤሲ የውጪ ማሽን በቂ ከፍታ ላይ ባለመቀመጡ በ…/…/… ዓ.ም. ውሃ ገብቶበት ከሥራ ውጭ ሆኗል። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስጠግኑና መቀመጫውን እንዲያስተካክሉ፣ የጣሪያውንም አሸንዳ እንዲያሠሩ እጠይቃለሁ። ካልሆነ በሕግ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።»

ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ በአንዱ ላይ ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ።

ማስጠንቀቂያው እየሠራ ሳለ መድኃኒቱ በሙቀት እንዳይበላሽ የማድረግ ግዴታ አለብዎት። ቁጥር 1802 ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይሰፋ ያለ ከባድ ወጪና ችግር ሊወስደው የሚችለውን እርምጃ እንዲወስድ ይጠይቃል። ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ ያለባቸውን ለይተው ወደ ሌላ ቀዝቃዛ ቦታ ያዛውሩ፤ የማጓጓዣውንና የተከራዩበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ፣ የክፍሉን ሙቀትም በቀን ሁለት ጊዜ ይመዝግቡ። የተበላሸ መድኃኒት ካለ ዋጋውን መጠየቅ የሚችሉት አከራይዎ ውል ሲገባ ቤቱ ለመድኃኒት ቤት መሆኑን ማወቁን ካሳዩ ነው (ቁጥር 1801)። ውሉ ላይ «ለመድኃኒት ቤት አገልግሎት» የሚል ቃል ካለ ሥራዎ ቀለለ።

አንድ ነገር አያድርጉ፤ የጥገናውን ወጪ በራስዎ ሥልጣን ከኪራይ አይቀንሱ። ይህን ያደረገ ተከራይ ብዙ ጊዜ ባለመብት ሆኖ ሳለ «ኪራይ ያልከፈለ» ተብሎ ተከሳሽ ይሆናል። ሕጋዊው መንገድ ቁጥር 1777 ነው፤ ሌላው ወገን ሊሠራ የሚገባውን በእሱ ወጪ እንዲያሠሩ ፍርድ ቤት ይፈቅድልዎታል። አከራይዎ በጽሑፍ «አሠርተህ ከኪራይ ቀንስ» ካለ ግን ያ ስምምነት ነውና ይቻላል።

አዲሱ ሲተከል ደግሞ ያው ስሕተት እንዳይደገም። ጓሮ ላይ መቀመጡ ግድ ካልሆነ ግድግዳ ላይ ይውጣ፤ ግድ ከሆነ የኮንክሪት መቀመጫው ካያችሁት የውሃ መስመር ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። ውሃ በማያቁር ጓሮ 15 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከጀርባው 15፣ ከጎኑ 30፣ ከፋኑ ፊት ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተውለት፤ መመሪያው የበለጠ ካለ እሱን ይከተሉ። ጥላ ካሻዎት ከማሽኑ 50 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ ይበቃል። ሌባ ፈርተው የብረት ፍርግርግ ቢያሠሩም ይኸው ርቀት ይጠበቅ፤ ወንፊት ሽቦ ግን አቧራ ይዞ ያፍነዋል። ቧንቧው የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ በሲሊኮን ይደፈን። የኤሌክትሪኩ ገመድ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ ይመለስ፤ አለዚያ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ካርዱ ጋ ይደርሳል። የራሱ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦና መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ የቮልቴጅ መከላከያ ይኑረው። በድሬዳዋ አቧራ በየ2 እና 3 ወሩ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ደግሞ ውሃ ከነካው ማንም እንዳያበራው ብሬከሩን ጥለው ባለሙያ ይጥሩ።

የግድግዳ ማሰሪያውን በርካሽ እንዳያሳልፉት። 24,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ ዐቅም መለኪያ) የሆነ የውጪ ማሽን ክብደቱ 50 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል፤ ወድቆ ሰው ቢጎዳ የሕንፃው ባለቤት በቁጥር 2077፣ ቤቱን የያዘው ሰው በቁጥር 2080 ይጠየቃሉ። ሙቅ አየሩና ድምፁ ወደ ጎረቤት መስኮት ከዞረም ቁጥር 1225 አለ።

በውሉ ላይ ተጨማሪ ስምምነት ተፈራረሙ፦ «አከራይ የውጪውን ማሽን መቀመጫ፣ ማሰሪያና የዝናብ መከላከያ በራሱ ወጪ ያሠራል፤ በእርጅናና በተፈጥሮ አደጋ ለሚደርስ ጉዳትም ኃላፊ ነው። ተከራይ በየ3 ወሩ ያስጸዳል፤ ማሽኑን አይሸፍንም፤ ውሃ ሲነካው አጥፍቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአከራይ ያሳውቃል።» የማሽኑን ፎቶና መለያ ቁጥር አያይዙበት።

ሽምግልና ካልተሳካ ክሱ የሚቀርበው ድሬዳዋ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያል። በውል ላይ የተመሠረተው ጥያቄ የይርጋ ጊዜው 10 ዓመት ነው (ቁጥር 1845)፤ ከውል ውጭ የሚቀርበው ግን 2 ዓመት ብቻ (ቁጥር 2143)። ቀድሞ የሚያልፍብዎት የሻጩ ጊዜ ነውና ማስታወቂያውን ለእሱ ዛሬውኑ ጽፈው ይስጡ።