ከአንገት በላይ ያለው ሁሉ የአንድ ሐኪም አይደለም

ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ነርስ ሆኜ 30 ዓመት ያህል ከተመላላሽ ሕክምና በር አልጠፋሁም። ካርዱን ይዞ የመጣ ሰው «የት ልግባ?» ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልቀረልኝም፤ የሰፈር ልጆች ይደውሉና «ሲስተር፣ እናቴን ምን ዓይነት ሐኪም ጋ ልውሰዳት?» ይሉኛል። አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተን ስሙ ነው። ራሱን የሚያመው ሰው «ከአንገት በላይ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ «የእኔ ቦታ ይኸው» ብሎ ይሰለፋል። እዚያ የተቀመጠው ሐኪም ግን በዋናነት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ነው። ዓይንና ጥርስ ከአንገት በላይ ቢሆኑም የየራሳቸው ሐኪም አላቸው። ቤቱ የሚዞርበት ሰው ደግሞ ግፊት ነው፣ ደም ማነስ ነው ሲል ይከርማል እንጂ ጆሮውን አይጠረጥርም፤ የሰውነታችንን ሚዛን ከሚጠብቁት አንዱ ግን ውስጠኛው ጆሮ ነው።

«የውስጥ ደዌ»ም እንዲሁ ነው። ስሙን ሰምተው «ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ነው» ብለው ካርዳቸውን ጥለው የወጡ አባት አይቻለሁ። ይህ ሐኪም ቢላ አይዝም፤ የአዋቂን ስኳር፣ ግፊት፣ ሳንባ፣ ጉበት እያየ በመድኃኒት ያክማል። የአዋቂ ልብ ወይም ኩላሊት ሐኪም የምትሉትም መጀመሪያ ጠቅላላ ሕክምና ተምሮ፣ ቀጥሎ የውስጥ ደዌን አጥንቶ፣ በዚያ ላይ ሌላ ዓመታት የጨመረ ሰው ነው። በየከተማው የማይገኘው ለዚህ ነው።

ከሁሉም ያስተማረኝ ግን አጎቴ ነው። አጋሮ ቡና ያመርታል። እግሩን ሌሊት ሌሊት ያቃጥለዋል፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ነርቭ ነው» አለው። እኛ ዘንድ ስም ያልተገኘለት ሕመም ወይ ነርቭ ነው ወይ ጨጓራ! ለእኔ እንኳ ሳይነግረኝ የቡናውን ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄደና የነርቭ ሐኪም ጋ ወረፋ ያዘ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘለት የስኳር ምርመራ ነበር። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል። ስኳር ሳይታወቅ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ስለዚህ ጎረቤቶቹ ጨርሰው አልተሳሳቱም። ነገር ግን ከጣት በምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም እዚያው ጤና ጣቢያ ሊታወቅ የሚችለውን ነው ያን ያህል መንገድ ሄዶ የሰማው።

እናም መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ጋ ሂዱ። ጤና መኮንኑን «ዶክተር አይደለም» ብላችሁ አትናቁት፤ ጎንደር ላይ ሥልጠናው ከተጀመረበት ከ1947 ዓ.ም. አንስቶ የገጠሩን ሕክምና የተሸከመ ሙያ ነው። ታሪካችሁን ከሥር ከመሠረቱ ንገሩት፤ የማንን በር እንደምታንኳኩ እሱ ይጽፍላችኋል። ደረት ሲጨንቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ አንድ ጎን በድንገት ሲከዳ ግን ሐኪም አይመረጥም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«የቆዳና አባላዘር» የሚለው ጽሑፍ ያባረረው ወጣትም ብዙ ነው። ብጉር ወይም ጭርት ይዞት የመጣ ልጅ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ፊቱን ሸፍኖ ይቆማል። በሩ አንድ ነው፣ ማን ለምን እንደገባ ግን አይጻፍበትም።

ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር»፣ የለበሰች ሴት ሁሉ «ሲስተር» ናት። ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት የሆነች ልጅ ሆድ ከፍታ ሰው አድና ስትወጣ ቤተሰቡ «ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቃት ሰምቻለሁ። «ሙያዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጨርሶ የማታዩትም ሐኪም አለ፦ ፓቶሎጂስቱ ከእብጠቱ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ይናገራል፤ ቀዶ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት የሚጠብቀው የእሱን ወረቀት ነው።

አጎቴ አሁን ክትትሉን እዚያው አጋሮ ያደርጋል። የዚያ የነርቭ ሐኪም ስልክ ግን ዛሬም ከኪሱ አልወጣም፤ እግሬን ደነዘዘኝ ላለው ሁሉ ያድላል።