ደላላው ዋጋ አስቀነሰብኝ፤ ሁለት በመቶውን ልክፈለው?

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ካረፈ በኋላ ጠባሴ ያለውን ቤቱን ለመሸጥ ተስማማን። ሦስት ልጆች ነን። ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው። እዚህ ደብረ ብርሃን ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ውክልና ሰጡኝና ጣጣው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። ሰፈራችን የሚያውቀውን አንድ ደላላ ያዝኩ። በቃል ሁለት በመቶ ተባባልን።

ሰውዬው ገዢ አመጣ። በ3 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ጨርሰን ለፊርማ ቀን ቆረጥን። የፊርማው ዋዜማ በጠዋት ደላላው ከገዢው ጋር መጣ፣ የካርታውን ኮፒ ይዞ። ውርጩ ገና ከሳሩ ላይ አልተነሣም። ሜትር ከኮቱ ኪስ አወጣ፣ አንዱን ጫፍ ገዢውን አስያዘና የጓሮውን አጥር ለካ። ለካና ካርታውን አየ። ደግሞ ለካ። እኔ ቡና እየቆላሁ ነበር። «ይቺ አንድ ሜትር ተኩል የነሱ አይደለችም፣ የጎረቤት ናት» ሲል ሰማሁት። ገዢው ፊቱ ተለዋወጠ። ተከራከርን ተከራከርንና 200 ሺህ ቀነስኩለት። በ3 ሚሊዮን 400 ሺህ ተፈራረምን።

አሁን ደላላው 68 ሺህ ብሩን ይጠይቀኛል። ከገዢውም ሁለት በመቶ ወስዷል። አልበቃው ብሎ «በእድራችሁ ስሜን በደህና አንሺልኝ፣ ቤት የሚሸጥ አይጠፋም» አለኝ። ታላቅ ወንድሜ «የሠራው ስልክ መደወል ነው፣ ያውም አክስሮናል፤ ግማሹን ስጪውና ይሂድ» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «እንዲህ ያለ ሐቀኛ ደላላ አይቼ አላውቅም» ይላል። ሁለቱ በስልክ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። እርስዎ ምን ይሉኛል?

የአባቷን ቤት የሸጠች፣ ከጠባሴ

መልስ

እህቴ፣ ብሩን ክፈዪው። ሙሉውን። ምስጋናው ግን ትንሽ ያነጋግረናል።

መጀመሪያ የወንድምሽን ነገር እንጨርስ። «የሠራው ስልክ መደወል ነው» የሚባለው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። ሳይሸጥ ማንም አይለውም። ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ ገዢ እያስከተለ ከበሬሳ ማዶ ጠባሴ ቢመላለስ፣ ጫማው ቢያልቅ፣ አንድም ሰው ባይፈርም፣ አምስት ሳንቲም አትከፍዪውም ነበር። ልክም ነሽ። ደላላ የሚከፈለው ስለደከመ አይደለም፤ ያመጣው ሰው ስለፈረመ ነው። ታዲያ ሲለፋ ያልቆጠርንለትን ሰዓት ሲቀናው ለምን እንቆጥርበታለን?

ሕጉም የሚያየው እንዲሁ ነበር። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላ ማለት ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝና ውል እንዲዋዋሉ የሚያደርግ ነው ይላል። ያ ሕግ በ2013 በአዲስ ተተክቷል፤ የደላላ ሥራ ግን ዛሬም ሰው ማገናኘት ነው። ሁለት በመቶው የልማድ ነው። በስምምነት ሊወርድም ሊወጣም ይችላል፤ ግን የሚወርደው በመጀመሪያው ቀን ተነጋግረሽ እንጂ ቤቱ ከተሸጠ ወዲያ በወንድምሽ ስልክ አይደለም። በቃል መሆኑ ደስ አላለኝም። አንዲት ገጽ ወረቀት ብትጽፉ ምን ነበረበት? ቢሆንም ተባብላችኋል፣ አልካድሽምም። ከገዢው መቀበሉም የተለመደ ነው። ነውር የሚሆነው ተደብቆ ሲሆን ነው፤ እሱ አልደበቀም፣ አንቺም ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ሜትሯ እንምጣ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ማዘጋጃ ቤት የይዞታ መዝገብ ላይ ነበርኩ። እንዲህ ያለ አጥር ስንቱን ወዳጅ ሲያጣላ አይቻለሁ። አባቶቻችን አጥር ሲያጥሩ ካርታ የላቸውም፤ ድንጋይ ሲገኝ እዚያ ያስቀምጣሉ፣ ባሕር ዛፍ ሲበቅል እዚያ ያቆማሉ። ጎረቤትም የአባትሽ ወዳጅ ከሆነ ዝም ይላል። ቤቱ ሲሸጥ ግን ዝምታው ያበቃል። ስም ሲዛወር ቀያሽ ይመጣል፣ ካርታው ይዘረጋል፣ አጥሩ ይለካል። ያኔ ገዢው ብሩን ከፍሏል። የተዋዋለውና ያገኘው አልገጠመለትም። ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል? ወደ አንቺ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት።

የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። እዚያ ውል ላይ የሚሰፍረው የካርታው ስፋት ነው እንጂ የአጥሩ አይደለም። በዚያ ላይ መሬት በአገራችን አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቺ የሸጥሽው ቤቱን ነው፤ ከቤቱ ጋር የሚሄደው ካርታው ላይ ያለው ይዞታ ብቻ ነው። ያቺ አንድ ሜትር ተኩል ውስጧ አልነበረችም። ስለዚህ 200 ሺው ከኪስሽ አልወጣም። ኪስሽ ገብቶ አያውቅም። ወንድምሽ «አክስሮናል» ያለው የጎረቤትን ጓሮ ቆጥሮ ነው።

የደላላውን ሒሳብ ደግሞ እይው። ከ200 ሺው ሁለት በመቶ 4 ሺህ ነው። ካንቺ 4 ሺህ፣ ከገዢው 4 ሺህ፣ በገዛ አፉ 8 ሺህ ብር አጣ። ይሄ ትንሹ ነው። ገዢው «በቃኝ» ብሎ ቢሄድ ከሁለታችሁም የሚያገኘው 136 ሺህ ዋዜማው ላይ ቀልጦ ይቀር ነበር። ብዙ ደላላ እንዲህ ባለ ጠዋት ሜትሩን ቤቱ ይረሳል።

ሌላም ዓይነት አለ። «ቁርጥሽን ንገሪኝ፣ ከዚያ በላይ ያመጣሁት የኔ» ይልሻል። ሻጭ ገዢው የከፈለውን አያውቅ፣ ገዢ ሻጩ የተቀበለውን አያውቅ፣ መሀል ላይ ያለው ሰው ብቻ ሁለቱንም ያውቃል። ኢንዱስትሪ ፓርኩና ቢራ ፋብሪካዎቹ መጥተው የደብረ ብርሃን ቤት ፈላጊው ከበዛ ወዲህ እንዲህ የሚሠራ አይጠፋም። ያንቺው ሰው ይህን አላደረገም። ዋጋውን ሦስታችሁም አንድ ላይ ነው የሰማችሁት።

እንግዲህ ባለቤትሽ እውነት አለው ማለት ነው? አብዛኛውን። አንድ ቦታ ላይ ግን ሰውዬውን አላልፈውም። አጥሩን የለካው ገዢውን ሜትር አስይዞ ነው። ለምን? ካርታው በእጁ ነበር። ቀደም ብሎ ብቻውን መጥቶ «እመቤቴ፣ ይቺ አጥር አላማረችኝም፣ እንለካት» ቢልሽ ምን ይጎድልበት ነበር? ጎረቤትሽን ታነጋግሪ ነበር፣ አጥሩን ታስመልሺ ነበር፣ ዋጋውንም ራስሽ አስተካክለሽ ታቀርቢ ነበር። ቡና እየቆላሽ ከጓሮ የምትሰሚው ነገር አልነበረም። ገዢ ፊት ዱብ ሲልብሽ የተደበቀ ነገር የተገኘብሽ አስመሰለሽ። ምናልባት 200 ሺህም ባልወረደ፤ የደነገጠ ሻጭ በርከት አድርጎ ይቀንሳል። መናገሩ ልክ ነበር፣ አነጋገሩ ግን ጎደሎ ነው።

ይህ ከ68 ሺው አይቀነስም። የተስማማችሁበትን ሥራ ሠርቷል። የሚቀነሰው ከምስጋናው ላይ ነው።

እድር ላይ ስሙ ሲነሣ «ምርጥ ደላላ ነው» አትበዪ። እንዲህ ያለ ሙገሳ ለማንም ይባላል፣ ማንም አይሰማውም። የሆነውን ተናገሪ። «ገዢ አመጣልኝ፣ ዋጋ አልደበቀኝም፣ አጥሬ ከካርታው ማለፉን ከፊርማ በፊት አወጣው፤ ግን ለኔ ሳይነግረኝ ለገዢው ነገረው» በዪ። የሚገዙት ይህን ሲሰሙ ስልኩን ይጠይቁሻል። የሚሸጡት ትንሽ ያመነታሉ፤ አጥራቸውን የሚያውቁት ደግሞ በጣም ያመነታሉ። እሱም ቢሰማ አይከፋው፤ ውሸት የለበትም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ለራሱ ነበር የምነግረው፣ ብሩን ስሰጠው።

ለገዢው ቁልፍ ከማስረከብሽ በፊት ጎረቤትሽ ዘንድ ሂጂ። ገዢው አጥሩን ወደ መስመሩ ሊመልስ እንደሆነ ካንቺ ይስሙት፤ የአባትሽ ወዳጅ ናቸውና ከአዲስ ሰው መስማት የለባቸውም።

ስትከፍዪ በባንክ ይሁን። ንግድ ፈቃድ ካለው ደረሰኝ ይቁረጥልሽ፤ ከሌለው «68 ሺህ ብር ለዚህ ቤት ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርምልሽ። ብሩ ደግሞ ካንቺ ድርሻ እንዳይወጣ። ከመካፈላችሁ በፊት ከጠቅላላው ይነሣ፤ ለየራሳችሁ 22 ሺህ ከምናምን ይደርሳችኋል። ወንድምሽ እምቢ ካለ፣ ውክልናውን ሲሰጥሽ ደላላ እንደያዝሽ ያውቅ እንደነበር ጠይቂው። ያውቅ ከነበረ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።