«ኃላፊነቱ ተራዘመ» ሲባል ምን ይሰማዎታል?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ የታሸገ ውሃ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በቅርቡ ስለ «የተራዘመ የአምራች ኃላፊነት» ሥልጠና እንድንካፈል ደብዳቤ መጣልን። ሥራ አስኪያጃችን አንብበው «ተራዘመ? እሰይ! ታዲያ እስከ መቼ ነው?» አሉ። እኔም ማስረዳት አቃተኝ። ምን ቢባል ይሻላል? ደግሞስ በሪፖርታችን ላይ «ሕጉን ኮምፕላይ አድርገናል»፣ «ይህን ያህል ሃይላንድ ሰብስበናል» ብንል ያስኬዳል?

መልስ፦ በሥራ አስኪያጅዎ አይሳቁ። አማርኛውን በደንብ ነው የሰሙት። በእኛ አፍ የሚራዘመው ምንድን ነው? ቀጠሮ ነው፣ ስብሰባ ነው፣ የግብር መክፈያ ቀን ነው። ወረዳው በር ላይ «ምዝገባው ተራዝሟል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያየ ሰው፣ እፎይ ብሎ ወደ ማኪያቶው ይመለሳል። ስለዚህ «የተራዘመ ኃላፊነት» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው «ለጊዜው ተርፈናል» ነው። ደብዳቤው ሊል የፈለገው ግን ተቃራኒውን ነው።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 ስም ሰጥቶ ለአገሩ የአካባቢ ሚኒስቴር ያቀረበው ቶማስ ሊንድቅቪስት የሚባል ስዊድናዊ ምሁር ነው። በማግስቱ ዓመት ጀርመን የማሸጊያ ደንቧን አወጣች። ነገሩ ቀላል ነው። ጠርሙሱን ገበያ ላይ ያዋለ ሰው ሸጦ አይገላገልም። ውሃው ተጠጥቶ፣ ባዶው ቱቦ ውስጥ ሲገባም የመሰብሰቡና የማስወገዱ ወጪ ይመለከተዋል። ወጪው የራሱ ከሆነ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ለመሰብሰብና ለማቅለጥ የሚመች ዕቃ ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ «የተራዘመ» ተብሎ የተተረጎመው የባዕዱ ቃል፣ የእንግሊዝኛው «ኤክስቴንድድ»፣ የሚናገረው የኃላፊነቱ እጅ እስከ የት እንደሚደርስ ነው። የእኛው «ተራዘመ» ግን ቀን መቁጠሪያ ይዞ ይመጣል።

ታዲያ ምን እንበል? «የተስፋፋ» ብንል ወረርሽኝ ይመስላል። «የሰፋ» ብንል ልብስ ሰፊው ይመጣል። «ዘላቂ» ደግሞ በ«ዘላቂ ልማት» ተይዟል። ግሡን ግን አልጥለውም። ዘለቀ ማለት እስከ ዳር ደረሰ፣ መሀል ላይ አልቀረም ማለት ነው። እኔ ብሆን «ከሽያጭ በኋላም የሚዘልቅ የአምራች ኃላፊነት» እላለሁ። ረዘም ይላል፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ አንዴ በሙሉ ይጻፉትና ቀጥሎ «የአምራች ኃላፊነት» ብለው ያሳጥሩት። የሕግ ወይም የመመሪያ ቃል ሲጠቅሱ ግን እንዳለ ይቅዱ፤ እዚያ ላይ ቃል ማሳመር የእርስዎም የእኔም ሥራ አይደለም። በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የበላይ የሚሆነው አማርኛው እንደሆነ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ይደነግጋል። ተርጓሚ የሳተው ቃል ሕግ ሆኖ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ለሥራ አስኪያጅዎ ግን ከእኔ ቃል ይልቅ የለስላሳ ጠርሙስን ቢያነሱላቸው ይቀላል። ሱቅ ስንላክ «ባዶ ጠርሙስ ይዘህ ሂድ» ይባል የለ? ባዶ ከሌለ መያዣ ይከፈላል። የገዛነው ለስላሳውን ነው፤ ጠርሙሱ ተመላሽ ነው። ፕላስቲኩ መጣና ይህን አስረሳን። «እስከ መቼ ነው?» ላሉትም መልሱ እዚሁ ነው፦ ባዶው እስኪመለስ ድረስ።

«ኃላፊ» የሚለውም ቃል ሁለት ፊት አለው። ከግእዙ «ኀለፈ» የመጣ ነው። ኃላፊ አግዳሚ፣ ኃላፊ ጊዜ ስንል የሚያልፈውን፣ ያለፈውን ማለታችን ነው። የመምሪያ ኃላፊ ስንል ደግሞ የተሾመውን፣ የሚጠየቀውን። ሸጦ የሚያልፈውም ኃላፊ፣ የሚጠየቀውም ኃላፊ! የሕጉ ጭቅጭቅ ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጧል። «ተጠያቂነት» ብለን እንለውጠው የሚሉኝ ተማሪዎች ነበሩኝ። አልስማማም። ተጠያቂነት ጥፋት ከደረሰ በኋላ ይመጣል፤ ኃላፊነት ግን ከሥራው ጋር አብሮ ይወለዳል።

«አምራች» ላይ ግን ይጠንቀቁ። ምርት ማለት ጥንት አውድማ ላይ ተወቅቶ፣ ለነፋስ ተሰጥቶ፣ ከገለባው የተለየው ንጹሕ እህል ነው። አምራቹ ፍሬውን ከገለባ የለየው ሰው ነው። ገበሬው ታዲያ ጭዱን አይጥለውም። ለከብቱ ይሰጠዋል፣ ከጭቃ ጋር አቡክቶ ግድግዳ ይመርግበታል። የፋብሪካው ገለባ ነው የሚበላው ያጣ። ይህ ጨዋታ ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። ዛሬ «አምራች» ሲባል ፋብሪካ ያለው ብቻ ይመስለናል። መርካቶ መጋዘን ያለው አስመጪ «እኔ ምን አመረትኩ?» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በብዙ አገር ደንብ ግን ዕቃውን መጀመሪያ ገበያ ላይ ያዋለ ሁሉ፣ አስመጪም ቢሆን፣ እንደ አምራች ይቆጠራል። ስለዚህ «አምራች ወይም አስመጪ» ብሎ መጻፍ ከጭቅጭቅ ያድናል።

«ኮምፕላይ አድርገናል» ለቡና ሰዓት ወሬ ይሁን ግድ የለም። በጽሑፍ ግን አማርኛ ለእያንዳንዱ ግሥ አለው። ሕግ ይከበራል፣ መስፈርት ይሟላል፣ ግዴታ ይፈጸማል፣ ኃላፊነትን ይወጡታል።

ሃይላንድ ወደተባለው እንምጣ። የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም ነበር፣ የሁሉም ፕላስቲክ ጠርሙስ ስም ሆኖ ቀረ። ድሮ ከአዲስ አበባ ወጣ ስንል ሕፃናት መንገድ ዳር ቆመው «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶውን ይለምኑን ነበር። ቃሉን እወደዋለሁ። በእርስዎ ሪፖርት ውስጥ ግን ጉድ ያፈላል። የዚህ ሕግ ዋና ጥያቄ «ጠርሙሱ የማን ነው?» የሚል ነው። የራስዎን ጠርሙስ በሌላ ድርጅት ስም ጠርተው ሰበሰብኩ ሊሉ ነው? «ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ» ይበሉ፣ ብዛቱንም በኪሎ ይጻፉ። ጠርሙሱ ታጥቦ እንዳለ ካገለገለ «መልሶ መጠቀም» ነው። ተፈጭቶና ቀልጦ ሌላ ዕቃ ከወጣው «መልሶ ማምረት» ይበሉት። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሪፖርት ቁጥሩ አይታመንም።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ጠርሙሱን የገዛችሁት ከቆራሌዎች ከሆነ «ከቆራሌዎች» ብላችሁ ጻፉት። «መደበኛ ያልሆኑ የደረቅ ቆሻሻ ዘርፍ ተዋንያን» የሚባለውን ተዉት። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የመጣ ነው ይባላል፤ ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን የሚያልፈውን ድምፅ ለሰማ ሰው አያጠራጥርም። ቆራሌው የሰበሰበው የሚሸጥበት የመርካቶ ሰፈርም ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ምን አለሽ ተራ።