ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ ፎቶው ለምን ጠቆረ?

የጥር ሠርግ አልፎ የሚያዝያው እየተቃረበ ስለሆነ መሰለኝ፣ በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሠርግ ናቸው። ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ። ፎቶ አያይዛችሁ «እስቲ እዩልኝ» ላላችሁኝ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና እኔ ዘንድ የሚደርሰው የእናንተ ሥራ ሳይሆን የቴሌግራም ሥራ ይሆናል።

ጋሼ፣ ሠርግ ማንሳት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ሳነሳ ቀሚሱ ግራጫ፣ ፊቷ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ብርሃን ስጨምር ፊቷ ይስተካከልና ጥበቡ ይጠፋል። ለመልስ ካባ ደርበው ሲመጡ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሁሉም ነገር ይነጣል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከሐዋሳ)

ካሜራሽ ደህና ነው፣ የኔ ልጅ። ውስጡ ያለው የብርሃን መለኪያ ሙሽራ አያውቅም፣ ቀሚስ አያውቅም። ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ደባልቆ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ለማድረግ ነው የተሠራው። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷም አብሮ ይወርዳል። ጥቁር የከፋይ ካባ ሲሞላው ደግሞ «ጨለመ» ብሎ ይጨምራል፤ ካባው ግራጫ ይሆናል፣ የወርቅ ጥልፉ ይቃጠላል፣ የሁለቱም ፊት ይነጣል። ስለዚህ ነጭ ሲበዛ ትጨምሪያለሽ፣ ጥቁር ሲበዛ ትቀንሻለሽ። አብዛኛው ጀማሪ ይህንን ገልብጦ ነው የሚሠራው። በአውቶ የምታነሺ ከሆነ በመደመርና መቀነስ ምልክቱ ቁልፍ ለነጭ ቀሚስ ከፕላስ 1፣ ለካባ ከማይነስ 1 ጀምሪና ውጤቱን እያየሽ አስተካክዪ።

እኔ ግን ሠርግ ላይ አውቶን አላምነውም። ሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ከጎኗ በቆሙ ቁጥር መለኪያው ሐሳቡን ይቀይራል። ማንዋል ላይ አድርጊና መዳፍሽን ተጠቀሚ። ሙሽራዋ አጠገብ ቁሚ፣ ፊቷ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መዳፍሽም ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ ዘርጊው፣ ፍሬሙን በመዳፍሽ ሙዪው። ፎከስ ባይገባም ግድ የለም። የመለኪያው ምልክት ፕላስ 1 ላይ እስኪቆም ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ አስተካክዪ። የማናችንም መዳፍ፣ ቀይም እንሁን ጥቁር፣ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ያህል ይነጣል፤ ፕላስ 1 የምንለውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ነጭ ትልበስ ጥቁር ትደርብ፣ ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ቁጥሩን አትንኪ። በር ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ስትደርሱ መዳፍሽን እንደገና ታወጫለሽ። ሰው ምን ትሠራለች ብሎ ያይሻል፤ ይየው።

ስቶፕ ያልኩት ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው። ሹተሩን ከ1/125 ወደ 1/250 ስትወስጂው አንድ ስቶፕ ቀነስሽ፤ አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከ400 ወደ 800 ስታወጪው አንድ ስቶፕ ጨመርሽ። ሰውን የሚያደናግረው አፐርቸር፣ በኤፍ የሚጻፈው የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ደረጃው 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11 እያለ ይሄዳል፣ ቁጥሩ ሲያድግም ብርሃኑ ያንሳል። ክፍልፋይ ስለሆነ ነው፦ የእንጀራ ግማሽና የእንጀራ አንድ ስምንተኛ የትኛው እንደሚበልጥ አይጠፋሽም። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 2 ላይ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ነው፤ ኤፍ 8 ላይ ከ6 ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወደ ጥበቡ። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ነጭ ሸማና ጥላ ውስጥ ያለ ጠይም ፊት በአንድ ፎቶ ሁለቱም በደንብ ይውጡልኝ ማለት ከአቅም በላይ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ ሰውየዋን አንቀሳቅሺ። ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙሪያት፣ ወይም ሁለንተናዋን በረንዳ ጥላ ውስጥ አስገቢያት። መንቀሳቀስ ካልተቻለ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ፣ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን ልክ) ለፊቷ አድርጊ፣ ጥበቡን ለብቻው ቀረብ ብለሽ በሌላ ፎቶ ያዥው። ከሁለቱ አንዱ መጥፋት ካለበት ለእኔ የሚጠፋው ቀሚሱ ነው። እናቷ ሳሎን ውስጥ የምትሰቅለው የልጇን ፊት ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ነጭ ሴት ነበረች፤ «ሸርሊ» ነበር የሚባለው። ማሽኑ በእሷ ቆዳ ይስተካከልና የእኛ ፊት በዚያው ይታተማል። ያ ዘመን አልፎ ዛሬ ደግሞ እኛው ራሳችን በኮምፒዩተር ሙሽራዋን ሁለት ስቶፕ እናነጣታለን። ጠይም ከሆነች ጠይም ትውጣ። ደንበኛ «አቅላኝ» ካለች ሌላ ነገር ነው፤ ሳትጠየቂ ግን አታድርጊው።

መጽሐፉም ዩቲዩቡም «በወርቃማው ሰዓት አንሳ» ይላል፤ ፀሐይ እንደወጣች ወይም ልትጠልቅ ስትል ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሠርገኛ ፓርክ የሚደርሰው ግን ከቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ነው። ዐይናቸው ሥር ጥላ እየተኛ ሁሉም ያዘነ ይመስላል። (ከአዲስ አበባ)

መጽሐፎቹን የሚጽፉት ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ሰሜን ነው። ሎንደን ውስጥ በሰኔ ፀሐይ ወደ ማታ ተጋድማ ነው የምትወርደው፤ ወርቃማ ብርሃኗም ይቆያል። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ያ የሚወራለት ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። በትራፊክ ውስጥ ታልፍሃለች።

ቀትር ላይ ደግሞ ብሶብናል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፦ ሚያዝያ 6 ገደማ እና ነሐሴ 23 ገደማ። ነሐሴን ጾሙና ክረምቱ ከሠርግ ጠብቀውልናል፤ ሚያዝያ ግን ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግ የሚጎርፍበት ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፣ ዐይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ሦስት መውጫ አለህ። የመጀመሪያውና የምወደው የጥላ ጠርዝ ነው። ሙሽሮቹን ጥላው ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አድርገህ ጠርዙ አጠገብ አቁማቸው። ወፍራም ጥላ ምረጥ፤ የሕንፃ ወይም የትልቅ ዋርካ ጥላ። በባሕር ዛፍ ቅጠል መሃል የሚንጠባጠብ ፀሐይ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ያንን ኮምፒዩተርም አያጠራልህም። ሁለተኛው፣ ጥላ ከሌለ አንዷ ሚዜ ነጠላዋን ሁለት እጥፍ አድርጋ በወገቧ ልክ፣ ከፍሬሙ ውጪ ትዘርጋልህ። ከላይ የመጣው ፀሐይ ከነጠላው ላይ ነጥሮ ዐይናቸው ሥር ይገባል። ነጩን ክፍል ብቻ እንጂ ቀዩ ጥለት ወደ ፊት እንዳይዞር፤ አገጫቸው ይቀላል።

ሦስተኛው ፍላሽ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሒሳብ አለ። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16፣ ሹተር 1/125 ትክክለኛ ኤክስፖዠር ይሰጥሃል። ጀርባው እንዲደበዝዝ ብለህ ኤፍ 2.8 ስትከፍት ሹተሩ 1/4000 ይጠይቃል። ተራ ፍላሽ ደግሞ የሚከተልህ እስከ 1/200 ወይም 1/250 ነው፤ ከዚያ በላይ የፍላሹ ብርሃን የሚያርፈው በፎቶው ከፊል ላይ ብቻ ነው። ሃይ ስፒድ ሲንክ ያለው ፍላሽ ያንን ያልፋል፣ ግን ጉልበቱ በጣም ይወርዳልና በጣም ቀርበህ መቆም አለብህ። እኔ ቀትር ላይ ፍላሽ ስጠቀም ኤፍ 11 ላይ እረጋለሁ፤ ጀርባው ጥርት ብሎ ቢታይ ይታይ።

ለእህቴ ሠርግ ከዚህ ካሜራዬን ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። አዳራሽ ውስጥ የቀረጽኩት ቪዲዮ በሙሉ ይርገበገባል፤ ፎቶዎቹም ላይ አግድም መስመር አለ። እዚህ ሆኖ አያውቅም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የመብራቱ ነገር ነው። እናንተ ጋ የመብራት ሞገድ በሰከንድ 60 ነው፣ እኛ ጋ 50። መብራቱ በእያንዳንዱ ሞገድ ሁለቴ ደመቅ ፈዘዝ ስለሚል እዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዐይናችን አያየውም፤ ለ60 የተዘጋጀ ካሜራ ግን ያየዋል። በሚቀጥለው ስትመጪ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል (ለ60 ከተዘጋጀው ለ50 ወደተዘጋጀው) ቀይሪው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጪ፣ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጊ። ለፎቶም ያው 1/100 ነው። ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሹተር አጥፊው፤ መስመሩን የሚያባብሰው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለጣሪያው መብራት ነው። ከመድረኩ ጀርባ የሚደረደሩት ባለቀለም ኤልኢዲዎች ግን በራሳቸው ምት ነው የሚርገበገቡት፤ ሹተሩን አንድ አንድ እርምጃ እያዟዟርሽ መስመሩ የሚጠፋበትን መፈለግ ብቻ ነው። ወይን ጠጁ መብራት ፊት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ዋይት ባላንስ፣ የካሜራው የቀለም ማስተካከያ፣ አያድነውም፤ በብርሃኑ ውስጥ የሌለ ቀለም ከየት ይምጣ? ዲጄውን ቀድመሽ አግኚና ለቀለበቱና ለኬኩ ነጩን እንዲያበራ ለምኚው። የተቀረጸውን በተመለከተ፣ መርገብገብ የሚቀንስ መሣሪያ ያላቸው የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች አሉ፤ ፈጽሞ ባያጠፉትም ለመታየት ያበቁታል።

ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። የጉርድ ፎቶ ሳነሳ ከሰውየው ጆሮ ጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ያርፋል፤ ግንባሩም ያብለጨልጫል። ያለኝ አንድ ፍላሽና አንድ ጃንጥላ ነው። (ከደሴ)

እርስዎ ያሉት ዕቃ ለጉርድ ፎቶ ይበቃል። ወንበሩን ከግድግዳው ያርቁት፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል። ፍላሹን ከካሜራው ላይ ያውርዱና በጃንጥላው አድርገው ከተቀማጩ ዐይን ከፍ፣ ወደ ጎንም 45 ዲግሪ ያህል ያድርጉት። ጥላው ከጆሮው ጀርባ ወደ ታች ወርዶ ካሜራው ከማያየው ቦታ ያርፋል። በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ወይም የተወጠረ አንሶላ ያቁሙ፤ የጨለመውን ጉንጭ ያነሳዋል።

ይህን ሲያደርጉ ነጩ ግድግዳ ግራጫ ይሆንብዎታል። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳልና። ፍላሹ ከፊቱ 1 ሜትር፣ ከግድግዳው 2 ሜትር ተኩል ቢርቅ ግድግዳው የሚያገኘው ብርሃን ፊቱ ካገኘው አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ፍላሹን ከፊቱ 3 ሜትር ቢያርቁት ልዩነቱ ይጠባል፣ ግድግዳው ፊቱ ካገኘው ግማሽ ያህል ያገኛል፤ ነገር ግን ጃንጥላው ከሩቅ እንደ ትንሽ አምፖል ስለሚሆን ጥላው ይጠነክራል፣ ግንባሩም ይብሳል። የሚሻለው አንድ አሮጌ ፍላሽ ገዝተው ከወንበሩ ጀርባ ዝቅ አድርገው ወደ ግድግዳው ማዞር ነው። የዋናውን ብልጭታ አይቶ አብሮ የሚተኩስ፣ «ስሌቭ» የሚሉት ያለው ይሁን። ግድግዳው ከፊቱ በአንድ ስቶፕ ቢነጣ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ብርሃኑ ተመልሶ ጆሮውን ይበላዋል።

ማብለጭለጩ ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው ላብ ነው፤ ወንበሩ አጠገብ ሶፍት ያስቀምጡ፣ ሰውየው ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ግንባሩን ይጫነው፣ አይፈትገው። ሁለተኛው የብርሃኑ ምንጭ ማነስ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ የፊቱን ቅርጽ የሚያሳየን ነጸብራቁ ነው፤ ምንጩ ሲተልቅ ነጸብራቁ ሰፍቶ ይለሰልሳል፣ ሲያንስ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ጃንጥላውን ፍሬሙ ውስጥ ሊገባ ጥቂት እስኪቀረው ያቅርቡት። መነጽር ላደረገ ሰው ደግሞ መነጽሩን ከጆሮው ላይ በትንሹ ከፍ ያድርጉለት፤ መስታወቱ ወደ ታች ያዘነብልና የጃንጥላው ነጸብራቅ ይወጣል።

አይኤስኦ ከስንት በላይ ማውጣት የለብኝም? ጓደኛዬ ከ800 እንዳታልፍ ይለኛል። (ከአዳማ)

ጓደኛህ የድሮ ካሜራ ይዞ ይሆናል። የሚጨፍር ሰው በ1/30 አንስተህ ከደበዘዘ ማንም አያቃናውም፤ አይኤስኦ ሲወጣ የሚመጣውን ነጠብጣብ ግን ሶፍትዌር ያለሰልሰዋል፣ ሲታተምም ብዙ አይታይም። ለእስክስታ 1/250 ካስፈለገህና አይኤስኦ 3200 ከጠየቀህ አውጣው። ከዚያ የከፋው በ800 አጨልሞ አንስቶ በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ማብራት ነው፤ በብዙ ካሜራ ነጠብጣቡ ያን ጊዜ ይብሳል፣ ጥቁሩም ወይን ጠጅ ይሆናል። ማታ ቤትህ ገብተህ አንድ አምፖል አብራ፣ ያንኑ ዕቃ ከ400 እስከ 12800 እያነሳህ እይ። ፎቶዎቹን ደንበኛ አብዝቶ በሚወስደው መጠን አሳትማቸው፤ የካሜራህን ልክ የሚነግርህ ስክሪኑ ላይ መቶ ፐርሰንት ማጉላት ሳይሆን ያ ወረቀት ነው።