የአንባብያን ጥያቄ፦ የማሰሮ ባህር ዛፍ ስንት ውሃ ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ ክብ ክብ ብርማ ቅጠል ያለውን ባህር ዛፍ ገዝቼ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ አስቀምጫለሁ። ማሰሮው ወርዱም ቁመቱም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳላጓድል አጠጣዋለሁ፤ ቅጠሉ ግን ከዳር ከዳሩ እየደረቀ ነው። ባህር ዛፍ ድርቅ ይችላል ይባላልና ውሃ አብዝቼበት ይሆን?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አላበዙበትም፤ አሳንሰውበታል። ሜዳ ላይ ያለ ባህር ዛፍ ድርቅ የሚችለው ሥሩን ወደ ታችም ወደ ጎንም ሰድዶ ውሃ ካለበት ስለሚስብ ነው። ማሰሮ ውስጥ ግን ያለው እርስዎ የሰጡት ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንየው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በእርስዎ ማሰሮ አፍ ላይ ቢዘረጋ ከፍታው 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ይህ የላይኛውን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አፈር ያረጥብና ፀሐይ ሲበረታ ይተናል። ላዩ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ስለሚሆን፣ ዋናው ሥር ያለበት የታችኛው አፈር ድርቅ ማለቱ አይታወቅም። የባህር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ጠንካራ ነው፤ እንደ ጎመን ቶሎ ጠውልጎ አያስጠነቅቅም። መጀመሪያ የሚጎነበሰው ለጋው ጫፍ ነው፤ የበሰለው ቅጠል ዳር ሲደርቅ ጊዜው ዘግይቷል።

ስለዚህ ብርጭቆውን ይተዉት። ጣትዎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። እርጥበት ከተሰማዎት ያን ቀን አያጠጡ። ከደረቀ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ በግንዱ ዙሪያ ሁሉ ቀስ እያሉ፣ ከታች በቀዳዳዎቹ መውጣት እስኪጀምር ያፍስሱ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉት። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ይህ በየሁለት ቀኑ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሲዳምን ሳምንት ሊያቆይ ይችላል። ቀን ቆጥሮ ማጠጣትን አንመክርም። ክረምት ነው ብለውም አይዘናጉ፤ ጣሪያ ያለው በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ማሰሮ የሐምሌ ዝናብ ጠብታውም ላይደርሰው ይችላል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በጣም የደረቀ አፈር ተሰብስቦ ከማሰሮው ግድግዳ ይላቀቃል። ያኔ ውሃ ሲያፈሱበት በስንጥቁ በኩል ወርዶ በሰከንዶች ውስጥ ከታች ይወጣል፤ እርስዎ ጠጣ ብለው ይሄዳሉ፣ መሃሉ ግን ደረቅ ነው። የእርስዎም ሳይደርስበት አይቀርም። ማሰሮውን ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ውሃው እስከ ማሰሮው ግማሽ ድረስ እንዲደርስ ያድርጉ፤ ላዩ እስኪርስ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያ አውጥተው በደንብ ያንጠፍጥፉት። ከዚያ በኋላ ማሰሮውን አንሣት አድርገው ክብደቱን ይልመዱት፤ ከጣትም የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ጫፉ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነውና ውሃ አይጨምሩበት። ብዙ ሰው ይህን ለመከላከል ማሰሮው ሥር ጠጠር ይደርባል። አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ ስለማይወርድ፣ የረጠበው ንብርብር ወደ ሥሩ ከፍ ይላል። ይልቁንም 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽና 1 እጅ ደቃቅ ቀይ አሽ አንድ ላይ ቀላቅሎ መሙላት ይሻላል።

ዳሩ የደረቀው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም። የሚያዩት አዲሱን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለሽታው ብዬ ባህር ዛፌን ዊንተሩን መታጠቢያ ክፍል አስገባሁት። አሁን ከቅጠሎቹ ሥር ቡናማ፣ ሲነኩ የሚሻክሩ ትናንሽ እብጠቶች ወጥተዋል። መድኃኒት ልርጭበት?
አንባቢ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ገና አይርጩ። እብጠቱን በጥፍርዎ ፈቅፈቅ ያድርጉት። ተነሥቶ ከወደቀና ከሥሩ ያለው ቅጠል ጤናማ ከሆነ ተባይ ነው፤ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ እየጠረጉ ያስወግዱት። የቅጠሉ አካል ሆኖ ከቀረ ግን በሽታም ተባይም አይደለም። ሥሩ የሚስበው ውሃ ቅጠሉ ከሚያተነው ሲበልጥ የቅጠሉ ሕዋሳት አብጠው ይፈነዳሉ፤ ቁስሉ ሲደርቅ እንደ ቡሽ ይሻክራል። እንፋሎት ያለበትና ብርሃን ያነሰው መታጠቢያ ክፍል ለዚህ የተመቸ ነው።

ማሰሮውን ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት አጠገብ ያዛውሩት፤ ሙቅ አየር የሚተፋው ማሞቂያ ግን ፊት ለፊት አይሁን። የላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ፣ ጠዋት፣ ክፍሉ ውስጥ ባደረ ውሃ ያጠጡት። እብጠት ያለባቸውን ቅጠሎች መቁረጥ የለብዎትም፤ አይተላለፍም። ውርጩ ሲያልፍ ወደ ውጭ ሲያወጡት መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ ያስጠጉት። ፀሐይ ላይ ከወጣ በኋላ የውሃ ፍላጎቱ በፍጥነት ስለሚጨምር በየቀኑ በጣትዎ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ የማጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ጋገረ፤ አዲሱ ቅጠልም ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ናቸው። አመድ ላድርግበት?
አንባቢ፣ ከባቱ

መልስ፦ አመድ በፍጹም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ነጩ የተረፈው ጨው ነው፤ አፈሩ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሲሆን ደግሞ ብረት ቢኖርም ተክሉ ሊወስደው አይችልም፣ ቢጫነቱም ከዚያ ነው። አመድ ይህንኑ ያባብሳል። ጋግሮ የተቀመጠውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርገው ያስወግዱ። ከዚያ ለ10 ሊትር ማሰሮ 20 ሊትር የዝናብ ውሃ በአራት በአምስት ዙር፣ በየመካከሉ እንዲንጠፈጠፍ እየጠበቁ ያሳልፉበት። የወጣውን ውሃ ሳህን ላይ አያስቀሩ፤ ጨውን መልሶ ይጠጣዋል።