ገዢና ሻጭን የሚያገናኙ መተግበሪያዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕቃም መጋዘንም የላቸውም። ብሩ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ደላላስ መቼ የራሱ ቤት አለው? ከሽያጩ ኮሚሽን ይቆርጣሉ፣ ለመለጠፊያ ያስከፍላሉ፣ ወይም ከላይ መታየት ለሚፈልግ ሻጭ ቦታ ይሸጣሉ። ኮሚሽኑ ግን ሁሉም ትርፍ አይደለም። በ10 በመቶ፣ ከ1,000 ብር ዕቃ 100 ብር ይገኛል። ከአሥር ትዕዛዝ አንዱ ቢመለስና መመለሻው 200 ብር ቢፈጅ፣ ከተመለሰው ዕቃ የታጣው 100 ብር ኮሚሽን ሲታከልበት በአማካይ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ 30 ብር ሄደ። የደንበኛ አገልግሎት ወጪ ገና አልተነካም።

ጥያቄ፦ ሻጭ ያለ ገዢ አይመጣም፣ ገዢም ያለ ሻጭ። ከማን ልጀምር?

መልስ፦ ለማግኘት ከሚከብደው፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው። መስኩን ያጥብቡት፦ አዲስ አበባን በሙሉ ሳይሆን ቦሌን፣ ሁሉንም ዕቃ ሳይሆን ያገለገለ ላፕቶፕን። ፈልጎ ያጣ ገዢ ሁለተኛ አይመለስም። የሚከብደውን ወገን መጀመሪያ ላይ አያስከፍሉ። ታኦባኦ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2003 ቻይና ውስጥ ሲጀምር ሻጮችን በነፃ አስተናገደ፤ ሲያስከፍል የነበረው የአሜሪካው ተፎካካሪው ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ዋና የቻይና ገጹን ዘጋ።

ጥያቄ፦ ገዢው ቀድሞ መክፈል ይፈራል፣ ሻጩ ሳይከፈለው መላክ ይፈራል።

መልስ፦ ታኦባኦን ያሳደገው በነፃ ማስተናገዱ ብቻ ሳይሆን ይህን መፍታቱም ነው። አሊፔይ በተባለው የክፍያ አገልግሎት በኩል ገዢው ይከፍላል፣ ገንዘቡ መሃል ላይ ይቆያል፣ ሻጩ ይልካል፣ ገዢው «ደርሶኛል» ሲል ይለቀቃል። የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው፦ ገዢው ዕቃውን ወስዶ ዝም ይላል። ስለዚህ ቀነ ገደብ ያስቀምጡ፤ ለምሳሌ ዕቃው ከደረሰ 3 ቀን ያለ ቅሬታ ካለፈ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቅ። ቅሬታ ከቀረበ ይታገድ። ለላፕቶፕ ሻጩ ከመላኩ በፊት የመለያ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ያስገባ፤ አለበለዚያ «የላኩት ይህን አልነበረም» የሚለውን ክርክር የሚዳኝ የለም። በአገራችን የሰው ገንዘብ መያዝ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ካለው ተቋም ጋር ይዋዋሉ።

ጥያቄ፦ ከተገናኙ በኋላ ስልክ ተለዋውጠው በግል ይጨርሳሉ። ቁጥር ልደብቅ?

መልስ፦ መደበቅ ለመጀመሪያው ቀን ነው የሚሠራው። ራይድን በመሳሰሉ የታክሲ አገልግሎቶች ተሳፋሪው በየጉዞው ቅርብ ያለ ሌላ ሾፌር ስለሚፈልግ የጉዞ ኮሚሽን ያስኬዳል። አስጠኚና ሞግዚት ግን ከቤተሰብ ጋር አንዴ ከተስማሙ ወራት አብረው ይቆያሉ፤ በየወሩ 15 በመቶ ልቁረጥ ቢሉ በሁለተኛው ወር አያገኟቸውም። እዚያ የማገናኛ ክፍያ አንድ ጊዜ ይቀበሉ፤ በምትኩ አስጠኚው በመጀመሪያው ወር ቢለቅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ይተኩ።